ጠቡ የራሴ ነው

ያሰሩን የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት አንድ ነጋዴ የበሬና የበግ ቆዳ በጨው እያሸ ያከማችበት የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። ነጋዴው ተሰደደ፣ ቆዳውም ተወሰደ፤ ሽታውና ጨው ግን ቀሩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ያ ሽታ ነበር፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አልወርድም የሚል ሽታ። ወለሉ ላይ የደረቀው ጨው የክረምቱ እርጥበት ሲነካው ይረጥባል፣ የተቀመጠበትን ሰው ያቃጥላል። መስኮት የለም። ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ብርሃኑም፣ የልደታ ደወልም፣ ዝናቡም የሚገባው በእሷ ነው።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ከአንድ ሰፈር የተለቀምን አሥራ አራት ወንዶች ነበርን። አሥራ ሦስቱ ግድግዳ ይዘው ተቀመጡ። እኔ አልተቀመጥኩም። ከበሩ እስከ ማዶው ግድግዳ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ስመለስ ደግሞ አንዳንዴ አሥር ይሆንብኛል፣ ስለዚህ እንደገና እቆጥራለሁ። ከታሠሩት አንዱ «አንተ ሰው፣ እየተመላለስክ አሳበድከን፤ ቁጭ በል እንጂ» አለኝ። እንዴት ቁጭ ልበል? ወታደሮቹ ጎህ ሲቀድ ከቤቴ ሲያወጡኝ ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች።

ከዚያ በፊት ሁለት ወልዳልኛለች፤ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውብናል። ይህ ሦስተኛው ነው። አልጋው እግር ሥር ቆሜ የአንድ እግሬን ጫማ እያሠርኩ ሳለ ነው በሩን በርግደው የገቡት፤ የሌላውን ጫማ ክር እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ሚስቴ አልጮኸችም። «ሂድ፣ እኔ እሆናለሁ» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። ከመጋዘኑ ጥግ፣ ቀዳዳዋ ሥር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ሽማግሌ ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ልደታ የከተሙ እስላም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አጥር ለአጥር ነን። የሳቸው ጣራ ቆርቆሮ ነው፣ ውኃው የሚወርደው ደግሞ እኔ ግቢ ነው። አሸንዳ ይግጠሙ ብዬ ለመንኩ፤ ቦይ ይቆፈር አሉ። ቦዩ በማን በኩል ይቆፈር በሚለው ተጣላን። አንድ ክረምት ውኃው ቤቴ ገብቶ ለሙሽራ የሰፋሁትን ካባ አበላሸብኝ፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። «ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል» እያልኩ ጠላ ቤት ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራ ነበር። ባለቤታቸው የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው። እኔ ቁጡው፣ እኔ ጅሉ፣ ለሚስቴ «የዚያ ሰውዬ ሚስት ደጄን አትረግጥም» ብያታለሁ። በዚያ ንጋት ምጡ ሲመጣ ሌላ አዋላጅ ፍለጋ ልወጣ ነበር። አልደረስኩም።

ሌላም ነገር አለ። ከመታሠራችን ሦስት ቀን በፊት ዝናብ ሲዘንብ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚመጣ አይቼ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ብዬ በአጥሩ ላይ ተንጠላጠልኩ። ኮርቻ የሚሰፉበት ዳስ ውስጥ አንድ ሰው ተጋድሟል። ጉልምስና ላይ የደረሰ፣ ጠጉሩን ያሳደገ፣ የጫካ ሰው። ጭኑ ቆስሏል። ሽማግሌው በርከክ ብለው ቁስሉን በሞቀ ውኃ እያጠቡ ነው። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔም ወረድኩ። ያየሁትን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የጣልያኑ መኮንንና አስተርጓሚው መጡ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው፤ አነጋገሩ የተማረ ነው። «ከመሃላችሁ አንዱ የቆሰለ ሽፍታ አስጠልሏል» አለ። «ጌታው ሊገርፏችሁ ፈልገው ነበር። እኔ ግን እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ብትገረፉ አትናገሩም። አውጫጭኝ ይሁን ብያቸዋለሁ።»

አውጫጭኝን የማያውቅ አልነበረም። በአገራችን ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይታገዳል። እያንዳንዱ ይምላል፤ ያየ የሰማ ካለ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በጆሮ ይናገራል፣ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። ሌባ ለመያዝ አባቶቻችን ያወጡት ደግ ሥርዓት ነው። በዚያ ቀን በባዕድ እጅ ሆኖ ሳየው አስጠላኝ።

«ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርኣን ይምላል» አለ አስተርጓሚው። «አላየሁም አልሰማሁም ብሎ የማለ ይለቀቃል። ወፍ የሆነ ደግሞ ወዲያው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅበትም። ቄሱ ቅዳሴ ሳይወጣ አልመጣም ብለዋል። እስከዚያ አስቡበት።»

አሰብኩበት። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ወፍ ብሆን ሽማግሌው ይሰቀላሉ። አላየሁም ብዬ ብምል በሐሰት መማሌ ነው፤ የሐሰት መሐላ ደግሞ ልጅ ላይ ይወጣል ሲባል ነው ያደግሁት። ሁለት ቀብሬ ሦስተኛው ገና ያልተወለደ ሰው፣ በዚያች ሰዓት መስቀል ይዤ በሐሰት ልማል? አልምልም ብል ደግሞ አልወጣም። አሥራ አንድ እርምጃ ወደዚያ፣ አሥራ አንድ ወደዚህ። የማይረባ ነገር ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የአንዱ ሰው ቁልፍ ተበጥሷል፣ የሌላው ጠርዝ ተተርትሯል፣ መርፌ ቢኖረኝ እላለሁ። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘው ጉልበታቸው ላይ ያከርራሉ። ቀና ብለው አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም። አደራ ዝም በልልኝ ቢሉኝ ቢያንስ የምጣላው ነገር አገኝ ነበር።

ቀትር ላይ ስንቅ መጣ። የሽማግሌው ባለቤት ናቸው። ዘበኛው ቂጣውን በሳንጃ ወጋግቶ አሳለፈው። ባልና ሚስት በበሩ ክፍተት ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ሽማግሌው ሲመለሱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጥ ሲያደርጉ አየሁ። ቂጣውን ለሁሉም ቆራርሰው አደሉ፤ የጾመው ለኋላ ያዘ፣ ያልጾመው በላ። ያችን የኮባ ጥቅል ግን አላወጧትም። ፊታቸውም ከጠዋቱ ፈታ ብሏል።

ከዓመት ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ከሰፈር ምን ወሬ አለ?»

«ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ።»

«ከኔ ቤትስ?»

ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ቆይ። ሲመሽ እናወራለን።»

«ምን ማለት ነው ሲመሽ? የሰሙት ነገር ካለ አሁን አይነግሩኝም?»

«የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባል የለ?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ሚስቴ በሞትና በሕይወት መሃል ሆና፣ ይህ ሰው ተረት ይተርትብኛል፤ በዚያ ላይ ምግብ ደብቆ! ያች ጥቅል ለአስተርጓሚው የተዘጋጀች ጉቦ ናት፣ ወይም ብቻቸውን ሊበሏት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወፍ ለመሆን የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ይሰቅሏቸዋል፤ ይስቀሏቸው አልኩ። በሩጫ ቤቴ እደርሳለሁ፣ በመንገዴ አዋላጅ አገኛለሁ፣ ማንም አያውቅም። ይህን ዛሬ ሳወራው አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም ቀለለኝ፣ ተቀመጥኩም።

ደወሉ ተደወለ፣ ቅዳሴ ወጣ፣ ቄሱ መጡ። አንድ በአንድ መጠራት ጀመርን። የተጠራው ማዶ ወዳለችው ክፍል ይገባል፣ ከዚያ በሌላ በር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደኛ የሚመለስ የለም። አሥራ ሁለቱ ሄዱ። ያላየ ሰው መማል አይከብደውም። እኔና ሽማግሌው ቀረን፤ በአጋጣሚ መስሎኝ ነበር።

ስገባ መኮንኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቦቱን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። ቀና ብሎም አላየኝ። ቄሱ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ነጠላቸው ከዝናቡ የተነሳ ይንጠባጠባል። ልጆቼን ስቀብር ያጽናኑኝ ቄስ ናቸው። አስተርጓሚው የለበሰው ኮት የሌላ ሰው ነው፤ ትከሻው ወርዷል፣ እጅጌውም ጠሞ ተሰፍቷል። ያን እጅጌ እያየሁ አፌን ልከፍት ነው።

«እህስ፣ ወፏ ምን አለች?» አለ። ፈገግ ብሎ ጠጋ አለኝ። «አትፍራ። ኮርቻ ሰፊውን እንጠረጥረዋለን፤ የጎደለን ምስክር ነው። ጠበኛህ አይደል? በጣራ ውኃ ተጣልታችሁ ዓመት ሙሉ አትነጋገሩም አሉ። አንተን መጨረሻ ላይ ያደረግነውም ለዚሁ ነው።»

ማን ነገራቸው? እኔው ነኛ። በየጠላ ቤቱ የዘራሁትን ወሬ ለቅመው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሌላው ሰው የመጣው ለመሐላ ነው፤ እኔ ግን ክፉነቴ ተሰልቶ፣ ይህ ሰውዬ አይሳሳትም ተብሎ ነው የመጣሁት። እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም። ንዴቴ ግልብጥ ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ደግ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ፤ ቁጡ ስለሆንኩ ነው።

«ጠብ እንዳለን እውነት ነው» አልኩ።

«እኮ!»

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ባገራችን ሕግ ጠበኛ በጠበኛው ላይ ይመሰክራል?»

ፈገግታው ጠፋ። «የምን ሕግ ነው የምታወራው?»

«አውጫጭኙን ያመጣኸው አንተ ነህ። ሥርዓቱን ካመጣኸው ሙሉውን አምጣው። ጠቡ የራሴ ነው፤ ለማንም አላውሰውም።»

«እንግዲያው መስቀሉን ምታና አላየሁም በል።»

«አልምልም።»

«ለምን?»

«ሚስቴ ምጥ ላይ ናት።»

ለቄሱ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱ፣ በነጠላቸውም ሸፈኑት። አስተርጓሚው ለመኮንኑ አንዲት አጭር ቃል ተናገረና በእጁ ጀርባ አፌን መታኝ። አንድ ጥርሴ ተነቃነቀ፤ ያ ጥርስ አሁን የለም።

ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ሽማግሌውን ይዘው ወጡ። በበሩ ስንተላለፍ አፌ ላይ ያለውን ደም አዩ። ጋቢያቸው የተቀመጡበት ቦታ ቀርቷል፣ ያች ጥቅልም ከሥሩ አለች። አልነካኋትም። የሳቸው ነገር ብዙም አልቆየም። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ አብጧል።

«ቁርኣኑን ገልብጠው ነው የያዙት» አሉና ሊስቁ ሞከሩ። «ጎረቤቴ ያልማለውን እኔ አልምልም አልኳቸው።»

በሩ ተቆለፈ። ያ ሁሉ ሰው ሄዶ ሁለት ጠበኞች ብቻችንን ቀረን። እሳቸው ጋቢውን ገልጠው ጥቅሏን አነሱና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ያንተ ነው» አሉ። «ከቀትር ጀምሮ ያንተ ነበር።»

ኮባውን ፈታሁት። ገንፎ ነው። ቀዝቅዞ ደርቋል፤ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ የኑግ ዘይትና በርበሬ ተደርጎበታል። ቆሜ አየሁት። ገንፎ የሚገነፋው በማን ቤት፣ መቼ እንደሆነ የማያውቅ የልደታ ሰው የለም። ያ ጨው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ወንድ ነው?» አልኩ።

«ሴት።»

«እናትየውስ?»

«አጥሚቷን ጠጥታ ተኝታለች። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ማን አዋለዳት?»

ጋቢያቸውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

«ባለቤትዎ?»

«ደጄን አትረግጥም ብለህ የለ? በደጅ አልገባችም። ያንተን መታሠር ስትሰማ አጥሩን ጥሳ በጓሮ ገባች። ዱቄቱም ድስቱም የራስህ ቤት ነው። ቅቤ የለበትም፣ ጾምህን አያስገድፍህም። እንግዳዬም ሄዷል። አራስ ሊጠይቁ ከመጡት ሴቶች ጋር ነጠላ ተከናንቦ፣ በባለቤቴ ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ዘበኞቹ አሮጊት መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት።»

ደስ አለኝ፣ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። «ከቀትር ጀምሮ ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እዚህ ስቃጠል እያዩ?»

«እያየሁ።»

«እንዴት ያስችልዎታል?»

«አልቻልኩም እኮ። ሦስት ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብነግርህ በውለታ አስሬህ ገባህ ማለት ነው። የምትናገረውን አንተ ብትናገር፣ የምትተወውንም አንተ ብትተወው ይሻላል ብዬ ነው። ወፍ ብትሆን ኖሮም ገንፎውን ዘበኛው ያደርስልህ ነበር፤ ነግሬዋለሁ።»

ተነሥቼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ከዚያ አለቀስኩ፤ ሽማግሌው እስኪበቃኝ ድረስ ፊታቸውን ወደ ቀዳዳዋ አዙረው ቆዩልኝ። ወፍ ልሆን ወስኜ እንደነበረ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። «ገብቶኛል» ብቻ አሉ። «ስትቀመጥ ጊዜ ነው የገባኝ።»

ውጭ ዝናቡ በርትቷል። ከቀዳዳዋ የገባ ውኃ ግድግዳውን ታክኮ እየወረደ ነበር። እጃችንን በሱ ታጠብን። እሳቸው ቢስሚላሂ አሉ፣ እኔ አማተብኩ። ገንፎው እንደ ጭቃ ጠንክሯል። የመጀመሪያውን ቆርሼ፣ ዘይቱን አስነክቼ፣ «አባቴ፣ እንኩ» ብዬ አጎረስኳቸው። በዓመት ውስጥ አባቴ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ጎርሰው እንዳበቁ የከረረውን ክር ሰጡኝና ክር የሌለውን ጫማዬን አሠርኩበት።

በማግስቱ ዳሱን በረበሩ፤ ቆዳና አሮጌ ኮርቻ እንጂ ሌላ አላገኙም። አለመማላችን ብቻውን ጥፋት ሆኖ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት እስኪጋመስ ያዙን። እንደ ጻድቃን አብረን ከረምን ብል ውሸት ነው። በሳምንቱ ስለ ቦዩ እንደገና ተጣላን፤ ጨዉ ላይ በጣት እየሣልን እስኪመሽ ተከራከርን። ተፈትቼ ቤቴ ስደርስ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ለልጄ ክርስትና ደረስኩ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁን።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ያን ግማሽ ቀን ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያቸዋለሁ ለማለት ዛሬም ይከብደኛል። አንዳንድ ጊዜ ልክ ነበሩ እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሳሎኑን ስዞር እገኛለሁ፤ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት እያልኩ። ግን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ዝም ያልኩት ለገንፎው ይሁን ለራሴ በዕድሜዬ ሙሉ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጄ መጣች፤ ያችው የዚያን ቀኗ፣ አሁን የልጆች እናት ናት። ዝናብ ይዘንባል፣ የጎረቤት ጣራ ውኃ በእኔ በኩል በቆፈርኩት ቦይ ግቢዬን አቋርጦ ይወርዳል። «አባባ» አለችኝ፣ «ይሄ ውኃ እኮ የእኛ አይደለም። ለምን ወደነሱ አይመለስም?»

«ተዪው» አልኳት። «ይፍሰስ።»